ከመታወቁ በፊት

ወንድ ልጅ ሲወለድ የሚባለው እልልታ ለሴት ልጅ ከሚባለው ይበዛል። ቁጥሩ ከአገር አገር ቢለያይም ብልጫው ያው ነው። እልልታው የሚቀልጠው አዋላጇ ዐይኗን ወደ አንድ ቦታ ጣል አድርጋ «ወንድ ነው!» ስትል ነው። የሽንት ቀዳዳው ከቦታው ነው ወይ? ሁለቱም ቆለጦች ከከረጢታቸው ወርደዋል ወይ? ብሎ የሚያስተውል ጥቂት ነው። ወንድነቱ ከተነገረ በኋላ ቤቱ ወደ ገንፎው ይዞራል።

በዚህ ሐተታ ላስብበት የፈለግሁት ሳይታይ የሚያልፈውን ነው። ሳይታይ የሚያልፈው ደግሞ ልጁ ከተወለደ በኋላ ብቻ አይደለም፤ ከመወለዱ ከስድስት ወር በፊት፣ እናቲቱ ራሷ ማርገዟን በወጉ ሳታውቅ የሚያልፍ ነገር አለ።

ጉድለቶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የቆለጥ አለመውረድ ነው። ቀኑ ደርሶ ከሚወለድ ከ100 ወንድ ሕፃን ከ2 እስከ 4 በሚሆኑት ላይ ይታያል፤ ብዙው በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሱ ይወርዳል። ሳይወርድ የቀረው ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ በቀዶ ሕክምና ካልተስተካከለ ልጁ አድጎ መውለድ ሊቸግረው ይችላል፤ በዚያው አካል ላይ ካንሰር የመነሣቱ ዕድልም ይጨምራል። ሁለተኛው፣ ሐኪሞች ሃይፖስፓዲያስ የሚሉት፣ የሽንት ቀዳዳው ከብልቱ ጫፍ መሆን ሲገባው ከሥር በኩል መከፈቱ ነው። ከ200 እስከ 300 ከሚሆኑ ወንዶች አንዱ ከዚህ ጋር እንደሚወለድ ይገመታል። አንዳንዱ በጣም ቀላል ከመሆኑ የተነሣ ባለቤቱ ሳያውቀው ያረጃል። አንዳንዱ ግን ልጁ ቆሞ መሽናት እንዳይችል ያደርገዋል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ከእኩዮቹ ተደብቆ መጸዳጃ ቤት መሄድ ይጀምራል፤ ለምን እንደሚደበቅ ለእናቱም አይነግራትም።

ፅንስ ሁሉ ሲጀመር አንድ ነው። እስከ ስድስተኛና ሰባተኛ ሳምንት ድረስ ወንዱም ሴቷም ተመሳሳይ ጅማሬ ይዘው ይቆያሉ። ከዚያ የወንዱ ቆለጥ ገና ሆድ ውስጥ ሳለ ቴስቶስትሮን የተባለውን ሆርሞን ማመንጨት ይጀምራል፤ የቀረው የአካል ቅርጽ ከዚህ ይከተላል። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ዦስት በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በማህፀን ካሉ የጥንቸል ፅንሶች ላይ ቆለጣቸውን አውጥቶ ቢጠብቅ ሁሉም የሴት አካል ይዘው አደጉ። ስለ ወንድነት ስንፎክር ለኖርን ሰዎች ይህ ትንሽ የሚያስተክዝ ወሬ ነው። ፉከራው ሁሉ ያረፈው በሰዓቱ መድረስ በነበረበት ኢምንት ሆርሞን ላይ ነው።

ሰዓቱ ወሳኝ መሆኑን ያሳዩት ሪቻርድ ሻርፕ የተባሉት የኤድንበራ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በአይጦች ላይ የሆርሞኑን ሥራ በአንዲት አጭር ጊዜ ሲያግዱት ወንዱ ከሁለቱም ጉድለቶች ጋር ተወለደ፤ ያቺ ጊዜ ካለፈች በኋላ ቢያግዱት ግን ያ ጉድለት አልመጣም። በሰው ልጅ ያቺ ጊዜ ከ8ኛው እስከ 14ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ እንደምትውል ይታሰባል። ከዚያ ወዲህ የሚደረግ ጥንቃቄ ለሌላ ብዙ ነገር ይጠቅማል፤ ለዚህች ግን ዘግይቷል።

ሆርሞኑን የሚያግዱ ነገሮች ደግሞ በላቦራቶሪ ብቻ የሚገኙ አይደሉም። ዲዲቲ በሰውነት ውስጥ ሲፈርስ ዲዲኢ የተባለ ቅሪት ይተዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» ላይ የወጣ ጥናት ይህ ቅሪት ቴስቶስትሮን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ እንደሚይዝ አሳየ። ታክሲ ውስጥ ወንበር ላይ ዘንቢል አኑሮ «ሰው አለው» እንደሚል ተሳፋሪ ማለት ነው፤ ሆርሞኑ በሰዓቱ ቢመጣም መቀመጫ አጥቶ ይመለሳል። ቪንክሎዞሊን የተባለው የሻጋታ መድኃኒትም በአይጥ ላይ ይህንኑ ሲያደርግ ታይቷል።

ወደ ሰው እንምጣ። በዴንማርክ በግሪንሃውስ ውስጥ አበባና አትክልት የሚንከባከቡ ሴቶች በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ ተመዘገቡ፤ ወንድ ልጆቻቸው ሦስት ወር ሲሞላቸው በሐኪም ታዩ። ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከፀረ ተባይ ጋር በሥራቸው ከተነካኩት ሴቶች የተወለዱት ወንዶች ካልተነካኩት ልጆች ይልቅ ብልታቸውም ቆለጣቸውም አነስ ያለ ነበር፤ በግሪንሃውስ ሠራተኞቹ ልጆች ዘንድ ያልወረደ ቆለጥም በኮፐንሃገን አካባቢ ከሚታየው በዝቶ ተገኘ። የተመረመሩት ከ100 ጥቂት የሚያልፉ ልጆች ስለሆኑ ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የመጨረሻ ቃል አይደለም። እኔን የያዘኝ ግን አንድ ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ሴቶች የዴንማርክ ሕግ የሚጠብቃቸው ነበሩ። ማርገዛቸው እንደታወቀ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውረዋል ወይም ደሞዛቸው እየተከፈለ ዕረፍት ወጥተዋል። ጉዳት ደርሶ ከሆነ የደረሰው ከመታወቁ በፊት በነበሩት ሳምንታት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ሥራቸው አንድ ነው፤ አዲስ አበባን ከበው መመገብ። ከቡራዩ ማዶ ያለው የገፈርሳ ግድብ ለመዲናዋ ውሃ ይሰጣል። ሱሉልታ ወተት፣ ድርቆሽና የታሸገ ውሃ ትልካለች። ሰበታ ቢራና ጨርቅ ትልካለች፤ በቦሌ በኩል ደግሞ ጽጌረዳ ወደ ውጭ ታሳፍራለች። የሰበታ ወንዞች አዋሽን ይቀላቀላሉ፤ የሱሉልታዎቹ በሙገር በኩል ዐባይ ይገባሉ። በእነዚህ ወንዞች ዳር ያለ ሰው ብዙ ዓይነት ኬሚካል በብዙ መንገድ ይደርሰዋል። የስንዴና የጤፍ ገበሬው አረሙን በቱ ፎር ዲ ይረጫል፤ መርጫውን በጀርባው ተሸክሞ፣ አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ወይም ሳይሸፍን። ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስና ጀሪካን ታጥቦ ዘይት ወይም ጋዝ ይያዝበታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉም የሚነፋ መርዝ አሁንም ድረስ «ፍሊት» ይባላል። እነዚህ ሁሉ ልጅን ያጎድላሉ ማለቴ አይደለም፤ በአንዱ ላይ ያለው ማስረጃ በሌላው ላይ የለም። የአበባው ግን ከዴንማርኩ ጋር ሥራው ያው ስለሆነ ቆም ያሰኛል።

ዘመናዊው የጽጌረዳ ግሪንሃውስ በአገራችን ሥር የሰደደው በሰበታ አካባቢ ተፍኪ ላይ ነው፤ ዘመኑ የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ዛሬ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ትልካለች፤ የእርሻዎቹ አብዛኛው ሠራተኛ ሴት ነው፤ ያውም ወጣት ሴት። በግሪንሃውሱ ውስጥ ሙቀቱ ከላስቲኩ ሥር ይታፈናል። ሴቲቱ በሁለት መደዳ መካከል ትገባለች፤ ግራና ቀኝ ያለው ቅጠል ከትከሻዋ እስከ ክንዷ እየታከካት ያልፋል። በአንድ እጇ መቀስ ይዛ ግንዱን ትቆርጣለች፤ የቆረጠችውን በሌላ ክንዷ ታቅፈዋለች፤ ክንዷ ሲሞላ ከባልዲው ታወርደዋለች። ጓንት አላት፤ እሾኹ ግን ይበሳዋል፤ የተበሳው ጓንት ደግሞ እርጥበቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ይይዛል። የሚረጩት ወንዶች የመከላከያ ልብስ ለብሰው፣ አፍ አፍንጫቸውን ጋርደው ነው የሚገቡት። እሷ የምትገባው ርጭቱ ካለፈ በኋላ ነው። መቼ መግባት እንደሚቻል በደንብ የተጻፈ ሰዓት አለ፤ ትእዛዝ የበዛበት ሰሞን ሲሆን ግን ሰዓቱና አበባው ይሽቀዳደማሉ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አበባ ስለማይበላ በላዩ ላይ ለሚቀረው መድኃኒት እንደ ቲማቲምና እንደ ፎሶልያ ወሰን አልተበጀለትም። ወሰኑ የተሠራው ለሚበላው ሰው ነው፤ ሲያቅፍ ለሚውለው አይደለም።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ የአበባ አምራቾች ማኅበር በ2007 እ.ኤ.አ. የአሠራር ደንብ አውጥቶ ብዙ እርሻዎች ጓንቱንም፣ የገላ መታጠቢያውንም፣ የመግቢያ ሰዓቱንም አሻሽለዋል። የአበባ እርሻው ደሞዝ ልጅ እንደሚያሳድግም ማንም አይክድም። በ2013 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የሰበታንና የአካባቢዋን የአበባ ሠራተኞች ስለ ቆዳና ስለ መተንፈሻ ሕመማቸው ጠይቆ ብዙ ሕመም አግኝቷል። ጥናቱ ስለ ሠራተኞቹ ነው፤ ስለሚወልዷቸው ልጆች አይደለም።

አሁን ወደ ሳምንቶቹ ልመለስ። በእኛ ዘንድ ፅንስ በመጀመሪያ ወራቱ አይወራም። ሆዷ ገፋ እስኪል ለጎረቤት፣ አንዳንዴ ለእናትም አይነገርም፤ ዐይን ይበላዋል፣ ደግሞም ይወርድ ይሆናል ተብሎ ይፈራል። በደመወዝ የምትኖር ሴት ሌላም ፍርሃት አለባት፤ ኮንትራቷ ባይታደስስ? ስለዚህ ዝም ትላለች። ዝም የምትልባቸው ሳምንታትና የወንዱ አካል የሚቀረጽባቸው ሳምንታት አንድ ላይ ይወድቃሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴቶችን ለጤናቸው አደገኛ ተብሎ በተዘረዘረ ሥራ ላይ ማሰማራትን ይከለክላል፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ነፍሰ ጡርን ለይቶ የሚጠብቅ ሕግ ግን የሚጀምረው እርግዝናው ከታወቀ ነው፤ ማወቅ ደግሞ የሐኪም ወረቀት ይፈልጋል። ወረቀቱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ 14ኛው ሳምንት አልፏል። ሕጉ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ እንደ ሰው ሁሉ ሕግም የሚያየው የሚታየውን ነው። መታወቅን የሚጠብቅ ጥበቃ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ጥበቃ ሊሆን አይችልም። የሚጠብቃት ቢኖር ማንም ሴት፣ ያረገዘችም ያላረገዘችም፣ ሳትጠየቅ ደኅና ሆና የምትሠራበት ቦታ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መልስ ይመጣል። «ማስረጃው የታል? ከሰበታ አንድ ልጅ አምጥታችሁ ይህ በአበባ መድኃኒት ነው ማለት ትችላላችሁ?» አንችልም። ነገም አንችልም። የእነዚህ ጉድለቶች አብዛኛው መንሥኤ አይታወቅም፤ የዘር ውርስ አለ፣ ሳይደርስ መወለድ አለ፣ በማህፀን አለማደግ አለ። እንዲህ ያለ ጉዳት በአንድ ልጅ ላይ ፊቱን አያሳይም፤ የሚታየው በብዙ ልጆች ቆጠራ ውስጥ ነው። ዴንማርክና ፊንላንድ ሕፃናቶቻቸውን በአንድ ዓይነት መንገድ ቆጥረው በ2004 እ.ኤ.አ. ቢያወጡት ያልወረደ ቆለጥ በዴንማርክ ከ100 ወደ 9፣ በፊንላንድ ከ2.4 የማያልፍ ሆኖ ተገኘ። ጥያቄው የተወለደው ከዚህ ቁጥር ነው፤ ተቀራራቢ አገሮች ሆነው ለምን? ቆጠራ በሌለበት አገር ይህ ጥያቄ አይወለድም። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ልጅ ብቻ ስለሚያይ የራሱ መዓት ነው የሚመስለው። ዕጣ ፈንታ ብለን ከተቀበልነው ውስጥ አንዳንዱ ያልተቆጠረ በደል ሊሆን ይችላል።

የሕግ ሰዎች «ጥርጣሬ ለተከሳሽ ይጠቅማል» ይላሉ። ለሰው ልጅ ከዚህ የተሻለ ሕግ የለም፤ ንጹሕ ሰው ከሚታሰር ወንጀለኛ ይፈታ። ግን ይህን መብት ለኬሚካል ማን ሰጠው? ኬሚካል ቢታገድ አይታሰርም፣ ቤተሰቡ አይበተንም፣ ስሙ አይጠፋም። ጥርጣሬው ለእርሱ ሲተው ግን ዋጋውን የምትከፍል ሌላ ሰው አለች። ምስክሩ ደግሞ ወንጀሉ በሚፈጸምበት ሰዓት ገና እየተሠራ ነው፤ ተሠርቶ ሲያልቅ ስለነበረበት ቦታ የሚያስታውሰው የለውም።

በወረቀት ደረጃ ድሆች አይደለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን ለሁሉም ሰው መብት አድርጎታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 «ጉዳቱ እኔን ነክቶኛል» ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ማንም ሰው አቤት እንዲል ፈቅዷል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅም በ2002 ወጥቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሴሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለ ድርጅት የአቃቂና የሞጆ ወንዞች መበከል አስቆጥቶት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከስሶ ነበር፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። መንገደኛ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ወንዝ እንዲህ ከቀረ በማህፀን ያለው ምን ተስፋ አለው?

ዲዲቲም የራሱን ትምህርት ይሰጣል። ለወባ ስንል ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በቤት ግድግዳ ላይ ረጭተነዋል፤ ብዙ ሰው አትርፏልና ማማረር አይገባም። በ2001 ዓ.ም ገደማ ለወባ መርጨቱን የተውነው ትንኟ ስለለመደችው ነው፤ ስለ ሕፃን ብለን አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ግን ሕፃናቱን አይተው ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት በዲዲቲ በተረጩ መንደሮች ከሚኖሩ እናቶች የተወለዱ ወንዶች የብልትና የሽንት አካል ጉድለት የመያዝ ዕድላቸው በ33 በመቶ ከፍ ብሎ እንዳገኙት ዘገበ። እኛ ጋ በ2013 እ.ኤ.አ. በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ የእናት ጡት ወተትና የላም ወተት ተመርምሮ ዲዲቲ ተገኝቶበታል። ሰበታና ሱሉልታ ደጋ ናቸው፤ የወባ ርጭት አገር አይደሉም። ቅሪቱ ግን በስብ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ከቆላ ተነሥታ ለአበባ ሥራ የመጣች ልጅ የአባቷን ቤት ግድግዳ በሰውነቷ ይዛ ትመጣለች። ለአሥርት ዓመታት በየመጋዘኑ ተከማችቶ የቆየውን ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፣ ከ1000 ቶን የሚበልጠውን፣ ወደ ፊንላንድ ጭነን አስቃጥለናል። ከመጋዘን ማውጣት ይቻላል፤ ከሰው ማውጣት ነው የማይቻለው።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ልጅ ጎድሎ ሲወለድ ጥያቄው ድሮም ወደ እናቲቱ ነው የሚሄደው፤ ምን በልተሽ ነው? ማን ረግሞሽ ነው? ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ደግሞ «ምን ነክተሽ ነው?» የሚል አዲስ ጥያቄ ሊያቀብል ይችላል። የነካችው የሰጧትን ነው። ለመንካት የመረጠችበት ቀን የለም። ልጁም ቢሆን የዘመን መጥፎ ምልክት አይደለም፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጤነኛ ልጅ ነው፤ በጊዜው ከተደረገለት አድጎ እንደ ማንም ይሆናል። አገር ምድሩ «ወንድ አለቀ» እያለ ሲያለቅስ መስማት ለእርሱ ሁለተኛ ጉዳት ነው።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ ገንዘብም ብዙ አይፈልግም። በእኛ አገር ብዙ ወንድ ሕፃን በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። ሃይፖስፓዲያስ ያለበት ልጅ ሸለፈቱ ከሥር በኩል የጎደለ ስለሆነ ከፊሉ ተገርዞ የተወለደ ይመስላል፤ ገራዡም «የቀረውን ልጨርስለት» ይላል። ያ የሚቆረጠው ቆዳ ግን ሐኪሙ የሽንት ቧንቧውን ለመሥራት የሚፈልገው ቆዳ ነው። አዋላጆች ሆይ፣ ሕፃኑን ከመጠቅለላችሁ በፊት ቀዳዳውን እዩ፣ ሁለቱን ቆለጦች በጣታችሁ ፈልጉ። ወላጆችም ገራዥ ከመጥራታችሁ በፊት እዩ። የጎደለ ነገር ካለ አታስገርዙት፤ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ውሰዱት። የጤና ቢሮዎችም በሕፃኑ የጤና ካርድ ላይ አንዲት መስመር ጨምሩ፤ እናቲቱ ባረገዘችበት ሰሞን የት ትሠራ እንደነበር ይጻፍ።